ሁለተኛ ደረጃ

ኤመሊ ነው ያገኘው፣ ለእንጆሪ ሲያጎነብስ፣
ከረግረጉ አፋፍ ላይ፣ የማያውቀው አውሬ ጥርስ።
ስንዝር አይሞላም፤ ጫፉ ሾሏል፣ ወገቡ ጎብጧል፣
መልኩ፣ ዝናብ እንዳጠበው አጥንት፣ አመድ መስሏል፤
ለመጠኑ ግን ይከብዳል።

«የድብ ነው» አለ አጎቱ፤ «የድብ ጥርስ ይህን ካከለ፣
እኔ ከነገ ጀምሮ...» ሳይጨርሰው ዝም አለ።
እህቱ «የአጋዘን ቀንድ» አለች፣ በሩቅ ቆማ እያየችው።
ጎረቤታቸው ቶይቮ ነክሶ ሞከረው፤
«ድንጋይ የሆነ ነገር ነው፤ ሙዚየም ይላክ፤ ዋጋ አለው!»
በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ሂልካ ስትመጣ ጨርቁን ፈታች።
መነጽር አልፈለገችም፤ አፍንጫዋን አስጠጋች፤
ከኪሷ ሰንጢ መዝዛ ጎኑን በስሱ ላጠች።
ከግራጫው ሥር ማር ወጣ፣
ቀላ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፤
ሽታውም፣ አዲስ ቅጥራን የተቀባ ጀልባ
ፀሐይ ላይ ውሎ እንደሚሸተው።
ልጣጩን በክብሪት ነካችው፤ ከነእርጥበቱ ተያያዘ፣
ጥቁር ጭስ እየተፋ ጣቷ ድረስ ተጓዘ።
ቶይቮ ስለ ዋጋው ዳግም አላነሣም።

«ጉጥ ነው» አለች፤ «የጥድ ጉጥ። ያገኘህበትን አሳየኝ፤
ብቻውን አይሆንም።»

ሄዱ። ተንበርክካ የመሬቱን ሽበት በጣቶቿ አበጠረች፤
አምስት ጥርስ፣ ጫፍ ለጫፍ፣ ክብ ሠርተው አገኘች።
ስንዝር ተኩል አልፎ ሌላ አምስት፤ ከዚያ አራት፤
ከዚያ ስድስት።
ግንዱ የለም። ፈንገስ እንደ ጡብ ከፋፍሎት፣
ጉንዳን ተሸክሞት፣ በረዶ ፈጭቶት
ቀይ ዱቄት ሆኗል።
ጉጦቹ ብቻ፣ ዛፉ በወደቀበት መስመር ተሰልፈዋል።
«ከክብ እስከ ክብ አንድ ዓመት ነው» አለች።
አንድ ቦታ ሦስት ጣት ብቻ ሆነ፤
«ይኼ ክፉ ዓመት ነበር» አለች፤ አልፋ ቆጠረች።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከወንዙ ማዶ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ቆማ፣
ሳንቃው በፊቷ ሲያልፍ፣ ከጩኸቱ ጋር ተስማምታ፣
ጉጥ ባየችበት ሁሉ በቀይ ጠመኔ ጭራለች፦
ሁለተኛ ደረጃ።
ንጹሑ ለመርከብ፣ ለሩቅ አገር ወለል፤
ጉጣሙ ለዶሮ ቤት።
አሁን አንዱን ጉጥ መዳፏ ላይ አገላበጠች፤
አውራ ጣቷ ከልማዱ ጠመኔ ፈለገ፤
ኪሷ ውስጥ ሰንጢው ብቻ ነበር።

ኤመሊ ከመስመሩ ጎን በጀርባው ተጋደመ።
ከተረከዙ እስከ አናቱ ክቦቹን ለካችለት።
«አራት ዓመት» አለችው።
«እኔ እኮ» አለ፣ ከሽበቱ መሃል ቀና ሳይል፣
«ሰባት ነኝ።»