ወገቤን ነው

ነገ ሦስት ሰዓት ሳቢያን ቀጠሮ አለኝ።
ቬንትሌተሩ ዞሮ፥ ዞሮ፥ አላስተኛኝ።
"ወገቤን ነው" ልበል? ሁሉም እንደሚለው?
ወገቤን ራጅ አንስቶ ቢሸኘኝስ ሰውየው?

ባቡር ጥገና ቤት ሃያ ስምንት ዓመት
ብሎኑን አንድ በአንድ በፈረንሳይኛ ስጠራ ኖሬበት፥
ለዚህ ለራሴው፥ አብሮኝ ላረጀ ዕቃ
የማያሳፍር ቃል አንድ እንኳ አጣሁ፥ በቃ።

የመብራት ደረሰኝ ጀርባው ላይ ጻፍኩኝ፦
"ወገቤን። ከደቻቱ ሙላት ወዲህ ነው መሰለኝ።
ሌሊት ለሽንት ሦስቴ።
የስኳር ኪኒን ጠዋትና ማታ።
ጫት…" እዚህ ላይ ብዕሬ ቆም አለ ላፍታ።
"ቅዳሜና እሑድ" ብዬ ዋሸሁት ወረቀቱን፤
ወረቀት ይታለል ይመስል፥ በውድቅት ሌሊቱን።

ሐኪሙ ልጅ ነው አሉ፤ የሬድዋን እድሜ ይሆናል።
"አባባ፥ ምንዎን ነው?" ሲለኝ ፊቴ የት ይገባል?

ውሃ ልጠጣ ሄጄ ስመለስ ከጓዳ
ወረቀቱ ዞሯል። መፍቱሃ ተኝታለች፥
ፊቷ ወደ ግድግዳ።
ከኔ ጽሑፍ በታች፥ በእርሳስ፥ በእጇ ፊደል፥
ጫን ብላ የጻፈችው፥ ወረቀቱ እስኪቆስል፦

"ዶክተር፥ ሰባት ወር ነው፤ ሁለት ብሎ እንዳይሸውድ።
እኔ አልተቀየምኩም። እሱ ነው ትራሱን ይዞ ሳሎን የሚሄድ።"

"ወገቤን" የሚለውን ሰረዝኩት ሁለቴ።
በቦታው የሚገባ ቃል አልወጣም ካንደበቴ።
ክፍት ተውኩት።
ባጃጁ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤
ለሾፌሩ "ባንክ ነው" እላለሁ፥
እሱ ምን ይሠራለታል።