የብርሃን ልክ

ሰባት የስፖንጅ ምንጣፍ፣ አንድ ካርቶን ሙጫ፣
የጸጉር ማድረቂያ፣ የቆዳ መቁረጫ፤
የእህቴ የዝማም ሳሎን መቆሚያ አጣ።
ኦሽራት ተንበርክካ ከሁሉ መካከል
ደረት ትቆርጣለች ለማላውቀው አካል።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አልኳት ቆሜ በር ላይ።
«ለጨው በር ጠባቂ። ጌሙን አታውቅም ወይ?»
አላውቅም። ከስልኳ አውጥታ አሳየች፦
በነጭ ባሕር ዳር ብረት ለብሳ ቆማለች፤
ቃል አትናገርም። ባንድ ምት ትጥላለች።
ፊቷን ያየ የለም፤ በቁር ትኖራለች።

«ለምን እሷን መረጥሽ?» ዝም አለች ለጊዜው።
«ዝገቷ» አለችኝ፣ «ዝገቷን ወድጄው።»

ዝገት ለካ ቀረፋ ነው።
በብር ቀለም ላይ ቀረፋ ነስንሳ፣
በጥርስ ብሩሽ መትታ፣ በጨርቅ አባብሳ፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ዝማም እየጮኸች፣
«ፋሲካ ደርሷል፣ ቤት ይጸዳ» እያለች፣
ስፖንጁን አስረጀችው መቶ ዓመት፣ ሁለት መቶ፤
ኬክ በማይበላበት ሳምንት
ቤቱ ኬክ ኬክ ሸተተ።

እኔ ሠርግ አንሺ ነኝ። ስንት ሙሽራ አነሳሁ፤
ብርጭቆው ሲሰበር አንድም ቀን አልሳትሁ።
እንዲህ ያለ ሥራ ግን አያውቀኝም፣ አላውቀው።

ከኪርያት ጋት ባቡር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
እኔ ከነሌንሴ፣ እሷ ከነደረት፣
ከነጉልበት፣ ከነክርን፣ በሦስት የቆሻሻ ከረጢት።
ወታደሮቹ ሳቁ። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ግን
ሰይፉን አስደገፈችው ከምርኩዟ ጎን።

ቤርሼባ ስንወርድ ሰማዩ ቢጫ ነው፤
የበረሃው ንፋስ ምድጃ የከፈተ ነው።
ከስፖርት አዳራሹ በር የቆመው ጥበቃ
«ሰይፍ አይገባም» አለ በዕብራይስጥ፣ ቆጣ ብሎ።
መታወቂያዋን አየ። ድምፁ ተለወጠ፦
«እንዴ! የማን ልጅ ነሽ? ይኸስ ምንድን ነው?»
«ስፖንጅ ነው፣ ጋሼ።» ጫፉን ቆነጠጠው።
ከዚያ ስለ አያቶች፣ ስለ ወንዝ ማዶ ዘመድ፤
ባለክንፉ፣ ባለቀንዱ፣ ሰማያዊ ጸጉሩ፣
ዘር ቆጥረን እስክንጨርስ ከኋላችን ተሰለፉ።

በመጸዳጃው ኮሪደር ማሰሪያዋን ሳስር
አንዱ ትከሻ ወለቀ። በሙጫ መለስነው።
ጣቴ ተቃጠለ። ሳቀችብኝ።

ካሜራ ሞኝ ነው፤ ብር ሲያይ ይደነግጣል፣
ዓይኑን ያጠብባል፣ ጠይም ፊት ያጨልማል።
ነጭ ቬሎና ጠይም ፊት ስንቴ አስታረቅሁ!
ሙቀቱ ሲያፍናት ቁሯን አወለቀች፤
ቶሎ ብርሃኑን ለፊቷ ከፈትኩ።
ብረቱ ነደደ፣ ነጭ ሆነ፤ ፊቷ ግን
ከላቧ፣ ከቅንድቧ፣ ከትንፋሿ ጋር ወጣ።
ይኸው አልኩ በልቤ። ንግግር ሁሉ አዘጋጀሁ።

ወሰደችው። በሁለት ጣት አሰፋችው።
ፊቷን አልፋ ሄደች፣ ቀጥታ ወደ ትከሻው።
«አጎቴ፣ ዝገቱ የታለ?»
«ፊትሽ እኮ...»
«ፊቴንማ ሰው ሁሉ በየቀኑ ያያል።
ሦስት ሌሊት የሠራሁትን ማን ያየዋል?»

ንግግሬን ዋጥኩ። አስፋልቱ ላይ ተኛሁ።
ቁሯን መልሳ ደፋች። የጎን ብርሃን ጠበቅሁ
እስኪያጋድል ድረስ በአደጋ በሩ በኩል፤
ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጭረት ጥላ አወጣ፣
የወይን ክዳን መሆኑን የማውቀው ብሎን ሁሉ
ብሎን ሆነ።

አንድ ሕፃን መጣ፣ ማጾት በእጁ ይዞ፣
«ሁለተኛው ምትሽን እንዴት ነው የማልፈው?»
ጠባቂዋ አትናገርም። አልተናገረች።
ሰይፏን ወደ ግራ ብቻ፣ በዝግታ፣ አዘነበለች።
ልጁ ነቀነቀ፣ ምሥጢር እንደ ተቀበለ፣ ሮጠ።

ማታ ባቡር ውስጥ ደረቷን ከፍታ
የማጾት ፍርፋሪ ካራገፈች ወዲያ
ኪርያት ጋት እስክንደርስ በትከሻዬ ተኛች።
ሌንሴ ክዳን ላይ ቀረፋ ነበር።

የመጀመሪያውን ፎቶ አላጠፋሁትም።
ለዝማም ላክሁላት። ወዲያው መለሰችልኝ፦
«ላብ በላብ ሆናለች።
ውሃ አጠጣሃት?»