ዘጠና ሰከንድ

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነቃ፣
ጋሽ ቡሽራ ሽርጡን ታጥቆ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ይጠብቀኛል በቃ።
ፊሽካ ባንገቱ ላይ፣ በመዳፉ ሰዓት፣
ከባቡሩ ዘመን የተረፈ ንብረት።
ሁለት ድንጋይ አለው፣ ኖራ የቀባቸው፣
አራት መቶ ሜትር ነው መሀላቸው፤
ሐዲድ ሲጠብቅ በኖረ እግሩ ለክቶ፣
"አንድ ክንድ ቢጎድል…" ይላል፣ በባቡሩ ምሎ፣ ተቆጥቶ።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፤
ከሳቢያን መጋላ፣ ከመጋላ ከዚራ፣ ተጣጥፎ የሚውል አንጀቴ።
ወገቤ ወንበር ለምዷል፣ ትከሻዬ መሪ፤
"ሩጫ? አንተ?" ይለኛል፣ ሆዴን እያየ፣ ተሳፋሪ።
ለምን እንደጀመርኩ ለሰው አልተናገርኩም፤
ስኳሬን የለካችው ነርስ ታውቃለች፣ እሷም አትናገርም።

"ስምንት ጊዜ" አለኝ በመጀመሪያው ቀን፣
"ከድንጋይ እስከ ድንጋይ። በየመሀሉ ዘጠና ሰከንድ፣
መቀመጥ የለም፣ መቆም የለም፣ ሶምሶማ ብቻ። ሰማህ?"
ሰምቻለሁ አልኩት። የመጀመሪያዋን በረርኳት፣
ፍሬኗ እንደተበጠሰ ባጃጅ፣ ቁልቁል ለቀቅኳት።
ሰዓቱን አላየም። ፊሽካውን ነፋና፣
"ወሪያ! ያቺ ፍየል ናት የምታሳድድህ?" አለኝ፣ ቀረብ አለና።
"ሂድ፣ ነገ ተመለስ። አንደኛውን ሁሉም ይሮጠዋል፤
እኔ የምፈልገው ሰውዬ ስምንተኛው ላይ ነው፣ እሱ ገና ተኝቷል።"

ነገ መጣሁ። ከነገ ወዲያም መጣሁ።
ስድስተኛው ላይ ሳንባዬ የተቀደደ ከረጢት ሲሆን፣
አሸዋው ከስሬ ሲሸሽ፣ አፌ ብረት ብረት ሲል፣
እጄን ጉልበቴ ላይ ጥዬ ጎንበስ ልል ስል፣
ድምፁ ይመጣል ከወዲያ፦
"ባቡር ኤረር ሲቆም ጉዞው ቀረ ይባላል?
ውኃውን ይጠጣል፣ እንፋሎቱን ይተነፍሳል፤
ያን ያልሠራ ባቡር ድሬን አያያትም።
እረፍትም ሥራ ነው፣ እግርህን አንሳ!
መሞት ከፈለግህ ከስምንተኛው በኋላ፣ አልከለክልህም።"

በሰኔ ዘጠናዋ ሰከንድ ረዘመችልኝ፤
ልቤ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ፣ እንደ ቤተኛ ተቀመጠልኝ።

ነሐሴ። አምስቱን ጨርሻለሁ፣ ስድስተኛው መሀል ነኝ፤
እንዲያ ሮጬ አላውቅም፣ አሸዋው ራሱ የሚገፋኝ።
ፊሽካው ጮኸ። "ውጣ!"
"ሁለት ተኩል ቀረኝ!"
"ውጣ ነው የምልህ!"
በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደንገጎ ላይ ግን
የከሰል ጆንያ የመሰለ ደመና ተጋድሟል።

ዳርቻው ላይ ተቀመጥን። ላቤ ደርቆ ጨው ሆነ።
ተናድጄ ነበር፤ እንዲያ ያለ ሩጫ በየቀኑ አይመጣም።
"ምን እየጠበቅን ነው?"
"ደቻቱም ኢንተርቫል ይሠራል" አለኝ፣ ሰዓቱን እየሞላ፣
"ዓመቱን ያርፋል፣ አንድ ሌሊት ይሮጣል።
እኔ አንድ ጊዜ እረፍቱን አምኜ፣ ቤቴን እዚያ…"
አልጨረሰውም። ጣቱ ባሳየኝ ቦታ ላይ ዛሬ ምንም የለም፣
የገራባ ክምርና እሱን የሚያመነዥጉ ፍየሎች ብቻ።

ከዚያ መጣ። ጎርፍ ይባላል? ምላስ የምታህል፣
ቡናማ፣ ቀጭን፣ አረፋ ያዘለች ውኃ፣
አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጠርሙስ እየገፋች፣
የላይኛውን ነጭ ድንጋይ ዞራ አለፈች፣ ሳትነካው።
ሳቄ መጣ። "ለዚህ ነው?" ልለው ዞር ስል፣
አውራ ጣቱ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ውኃው ላይ።
የታችኛው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ተጫነ።
"አምስት ደቂቃ ከአርባ" አለ።
"አየህ፣ አንደኛውን አይበርም።
ይሄ ማሟሟቂያው ነው።"

ተነሳ፣ ሽርጡን አጠበቀ።
"ባጃጅህን ከዚህ አርቃት። ሁለት ተኩል አለብህ፣
ነገ ከዚራ፣ አስፋልቱ ላይ" አለና፣
ወደ ሰፈሩ፣ በሮቹን ሊያንኳኳ፣
በዚያ ዕድሜው፣ ሶምሶማ ጀመረ።