ግማሽ ፍሬ እርሳስ

ኅዳር ገብቶ፣ ጀማ ጭቃውን አራግፎ ሲጠራ፣
ከለሚ ቁልቁል ወረድን፣ ከጋሽ በሻህውረድ ጋራ፤
እሱ ክር ጠምጣሚ ነበር በብርድ ልብሱ ፋብሪካ፣
ሠላሳ ዓመት በጣቱ ቀጭን ከወፍራም ሲለካ፤
እኔ የወረዳ ቀያሽ፣ ቁመት ጥልቀት አውቃለሁ ባይ፣
ሦስት እሑድ ባዶ እጄን የተመለስኩ ከወንዙ ላይ።

ትል መቆፈር አይወድም። "ልመና ነው" ይላል፣ "ይሄስ።"
ገባ እስከ ጉልበቱ፣ ድንጋይ ሲያነሳ ሲመልስ፣
ካንዱ ሥር በጣቱ ዳብሶ እጭ አወጣ፣ ተልባ የምታህል፣
ጅራቷ ሦስት ክር፣ እግሯ እንደ ቅንድብ ጸጉር ስልል።
"ቀን ከሌት የሚበላት ይቺ ናት" አለኝ፣ "እያት፤
የቀረው የእጅህ ነው፣ ከሱፍና ከላባ ሥራት።"

የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ፣ ካንገቱ የተነጨ፤
ከፋብሪካው ወለል የተጠረገ ቡናማ ሱፍ፤
ከሞተ ሬዲዮ ሆድ የተፈታ የመዳብ ሽቦ፤
ካሮጌ ባትሪ ቀልጣ ዳግም የጠነከረች፣
ከእጯ በላይ ክሩ ላይ የምትቆነጠጥ እርሳስ፣ ምስር ያህል።

ዓይኑን ሞራ ጋርዶታልና የምጠመጥመው እኔ ነኝ፤
እሱ በጥፍሩ ጫፍ ዳብሶ፣ "እርጉዝ አስመሰልካት" ሲለኝ
ፈታሁ፤ ጠመጠምኩ፤ ፈታሁ። በስምንተኛው ዝም አለ።
ዝምታው ነው ማኅተሙ፤ ከዚያ ወዲያ ሰነድ የለ።

"ነጩ አረፋ ሲያበቃ፣ ፈጣኑ ከዝግታው ሲሰፋ፣
ከስፌቱ በላይ ጣላት፤ ክሩ ውሃ ላይ አይስፋፋ።
ዘንጉን ከፍ። አትጎትት። አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው
ከኋላዋ በርጋታ ሂድ፤ እርምጃዋን የሚያውቀው ውሃው ነው።
ቀድመህ ሙሾ አታውርድ፤ ዘግይተህም ቀብሩ አያምልጥህ።"

ጣልኩ። ክሩ ላይ ያሰርኳት ቢጫ ሱፍ ወረደች፣ አለፈች።
ጣልኩ። አለፈች።
ጣቱን ዘንጌ ላይ አሳርፎ "ነካህ" አለኝ። "ሄደ።"
ጥቂት ቆይቶ፣ "አሁንም ነካህ።"
እኔ ያየሁት ውሃ ብቻ ነው።

ምሥጢሩ ጨለማው ይሆን? አልኩና በልቤ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ፣ ሁሉን ለጣቶቼ አስረክቤ።
"ምነው ተንገዳገድክ?"
"ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ እንዳንተ ልሰማ ብዬ።"
ሳቁ ገደሉን ነክቶ ተመለሰ፤ ከላይ ጭላዳዎች ጮኹ።
"ክፈት፣ አንተ ሞኝ! እኔ እኮ ቸግሮኝ ነው!
ዓይን ቢተርፈኝ ኖሮ ጣቴን ማን ይለምነው?
እርሳሷ ከብዳ ነው፤ ድንጋይ ስትቧጥጥ ይሰማኛል፤
ግማሹን ቆርጠህ ጣል፤ ግማሹም ለእጭ ይበዛል።"

ግማሽ ፍሬ እርሳስ።
አንድ ስንዝር ክርም አሳጠርኩ።
ጣልኩ።
ቢጫዋ ወረደች፣ ወረደች፤ ከሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ
ቆመች። አልሰመጠችም፣ አልተሳበችም፤
ቁልፉን ቤት እንደረሳ ሰው መንገድ ላይ ቆመች ብቻ።
ዘንጉን አነሳሁ፣ ሳልነጥቅ፣ መጋረጃ እንደሚገልጥ።
ከታች አንድ ሕያው ነገር "እምቢ" አለ።

ቢልጫ ነበር፤ ጎኑ እንደ ቆየ ነሐስ፣ ሁለት ጥንድ ጢም።
ጋሽ በሻህ እጁን አርጥቦ ተቀበለኝ፤ ርዝመቱን አልጠየቀም።
አፉን ዳበሰ። "ከከንፈሩ ጥግ ነው የያዘው። አልዘገየህም።"
መንጠቆውን ፈታ። ዓሣው በጣቶቹ መሀል
ትንፋሹን ሰበሰበና ሄደ።
ለራት አስቤው ነበር።
አላልኩም።

ማታ ዳገቱ ላይ ትከሻዬን ይዞ ሲከተለኝ፣
ደስታ እግሬን አፍጥኖት ነበር መሰለኝ፣
"አትጎትት" አለኝ።