ከዚያስ በፊት?

ቱርኩ፣ አውቶቡስ ጋራዥ፤ ከሌሊቱ ሰባት፤
ሁለት አጣቢዎች፣ ሁለት የስልክ መብራት።
ዮውኒ ሁለት ቃል ነው ራሱን የጻፈበት፦
«ዓሣና ዝምታ»። በቃ። መልስ መጣለት።

ረዛን ግን አንቀጹን ያጥባል፣ ያሰጣዋል፤
ነጠላ ሰረዙም ስፍራውን ያውቀዋል።
ስሙ ላይ ሲደርሱ የሴቶች ጣት ይቆማል፤
«ከየት ነህ?» «ከቱርኩ።» «ከዚያስ በፊት?» ይባላል።

እንዲያው ለጨዋታ ስም ተለዋወጡ፤
ፎቶና ቃል ቀረ፣ ስሞች ብቻ ወጡ።
ረዛን «ዮውኒ» ሲሆን ሰላምታዎች መጡ።

ዮውኒን ግን አንዲቷ «ከየት ነህ?» አለችው።
«ከዚሁ።» «ከዚያስ በፊት?»
ሳቁን አቋረጠው።

ባልዲውን ገልብጦ ቁጭ አለ፤ «አያቴ፣
ጦርነት አባሯት፣ ከካሬሊያ በበረዶ፣
ላም እየጎተተች፣ ሆዷ ውስጥ አባቴ…
እኔን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል።
ረዛን ስልኩን አየ፤ አስራ አንድ ሰላምታ፣ አንድም የእሱ የሌለበት።
እጁን በሱሪው አደረቀ፦
«ስሜን መልስልኝ፤ እኔው ልመልስላት።»