ደባሎች

ዶሮ ማነቂያ ጫፍ፣ ሦስት ደረጃ ወርዶ፣
የሙሴ ስታማቲ ምድር ቤት ነበረ፤
አንድ የእንጨት በርሜል፣ በብረት ተጋምዶ፣
ሃምሳ ዓመት በአንድ ጥግ ተቀምጦ የኖረ።

«ውዳላት» አለኝ ቀጥሮኝ፣ ገና ሳላውቅ ሥራውን፣
«ማጠብ ትችያለሽ፤ አታጽጂ በርሜሉን።
ስንዝር ያህል አሮጌ ውሃ ከሥሩ አስቀሪ፤
እዚያ ውስጥ ሰዎች አሉ፤
ኪራይ ባይከፍሉም፣ እንዳታባርሪ።»

ሳቅሁበት በሆዴ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላም፤
ብቻውን ላረጀ ሰው ከዕቃ ጋር ማውራት አይጠላም።

አባቱ ቢሾፍቱ የተከሏቸው ዛፎች አሥራ አንድ ብቻ፤
ፍሬያቸው ጥሬውን ምላስ ያስራል፣ የኮሶ አቻ።
እንቁላል እስኪንሳፈፍ ጨው በውሃ በጥብጠን፣
ድንጋይ ጭነንበት፣ በአቡጀዴ ሸፍነን፣
ተውነው።
ከዚያ ወዲያ ሥራው የኛ አልነበረም።

በሦስተኛው ሌሊት በርሜሉ ተነፈሰ፤
ፍፍፍ እያለ፣ አረፋው ጨርቁን አራሰ።
ሆሳዕና ሲደርስ መራራው ከፍሬው ወጥቶ ሄዷል።
በየት በር? ማን ሸኘው?
አልጠየቅሁም። እኔ የማውቀው ሚዛኑን ነው።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ አራት ኪሎ፣ የእህቴ ልጅ ናሁሰናይ
ከበርሜሉ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አስተኝቶ፣
«አክስቴ» አለኝ፣ «ወዲህ ነይ።»
አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። በትር በበትር ነው፣ የተደፋ ክብሪት መስሎ፤
መሐሉ ላይ ክብ እርሾ፣ ልጁን በጎኑ አዝሎ።

«መጀመሪያ ችኩሎቹ ይመጣሉ፤ ይበላሉ፣ ይጋፋሉ፤
ራሳቸው ባኮመጠጡት ውሃ ራሳቸው ያልቃሉ።
እነዚህ በትሮቹ ግን ኮምጣጣው ይስማማቸዋል፤
መራራውን ሰንጥቀው ስኳሯን ይወስዳሉ፣
የተረፈው ለሰው ይጣፍጣል።»

ስማቸውን ጠየቅሁት።
የላቲን ስም ጠራልኝ፤ ረጅም፣ እንደ ጳጳስ ስም።
እኔ ደባሎች አልኳቸው። ከዚህ የተሻለ የለም።
ፒያሳ ያደገ ያውቃል፤ አንድ ክፍል፣ ሦስት ቤተሰብ፣ በመጋረጃ ተከፍሎ፣
አንዱ ለሌት ፈረቃ ሲወጣ
ሌላው በሞቀው ፍራሽ ገብቶ ተጠቅልሎ፤
ያንዱ ትራፊ ያንዱ ራት፤
ማንም ማንንም ሳያመሰግን
ቤቱ ቤት ሆኖ የሚነጋበት።

ሙሴ በሰኔ ሞተ። በጥቅምት በራችን ላይ ቀይ ምልክት ቀቡ።
ዶዘር ረቡዕ ይደርሳል ሲባል
ጎረቤቶቼ ቆርቆሮ ነቀሉ፣ መስኮት ፈቱ፣ ሽቦ ሰበሰቡ።
እኔ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ሦስቱን ደረጃ ወረድሁ፤
ስንዝር ያህል አሮጌ ውሃ፣ ጠብታ ሳላፈስ ቀዳሁ።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።
«ተከራዮች ናቸው» አልኩት።
የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

የቢሾፍቱው ግቢ ተሽጧል፤ ካሥራ አንዱ ዛፍ አንድም የለ።
ቀበና ወንዝ ዳር ግን፣ ከድልድዩ በላይ፣
አንዲት ወይራ አለች፤ ፍሬዋ ከአተር ብዙም አይተልቅ፤
ቅጠሏን ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ እንጨቷን ለምርኩዝ እንወስዳለን፣
ፍሬዋን የጠየቀ ሰው ግን አላውቅ።
ከወፍ ተሻምቼ ሁለት እፍኝ ለቀምሁ፤ ጨው፣ ድንጋይ፣ አቡጀዴ፤
ከጀሪካኑ ቀድቼ አፈሰስኩባት፤
«ጠባብ ናት፣ ግን ግቡ» አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛው ሌሊት ዝም።
አምስተኛው ዝም።
በዘጠነኛው ቀን ቀመስሁ፤ መራራ ነው፣ ምንም አልተለወጠም።
ወይም ጫፉ ላይ፣ በጣም ጥቂት፣
ሰው በር ገፋ አድርጎ
ልግባ አልግባ ሲል እንዳለው።

ጨው ጨመርኩ። ጨርቁን መለስኩ።
መብራት ጠፋ።
በጨለማ ጆሮዬን ከማሰሮው አስጠጋሁ፤
ፍ…
ወይ የራሴ ትንፋሽ ነው።