ሚዛን

ከቴሩኤል ወጣ ብሎ ያለው ደጋ፣ ነፋስ ነው ጌታው፣
ዝናብ አይደፍረው፣ ቀይ አፈር ነው ዙሪያው።
ዝገት የፈራ አውሮፕላን ሁሉ እዚህ ይሰደዳል፣
ዓይኑን በብር ወረቀት ተሸፍኖ ገዢ ይጠብቃል።

እኔም መጣሁ፤ በኪሴ ባትሪ፣ በእጄ መስታወት፤
እንጀራዬ ነው፣ ያረጀ ክንፍ ሥር ገብቶ መገመት።
የከብት ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል ነገሩን፦
ሻጭ ቀንዱን ሲያሳይህ፣ አንተ ግለጥ ከንፈሩን።

ደላላው ፊንታን፣ ከሊመሪክ ትናንት ማታ የመጣ፣
«አንድ ባለቤት ብቻ!» አለኝ፣ ሰላምታም ሳያወጣ።
ባትሪዬን በአግድም ሳበራበት፣ ከነጩ ቀለም ሥር
የሦስት ኩባንያ ስም ወጣ።

ልደት፦ ቱሉዝ፤ በእነሱ አቆጣጠር ዘጠና ስምንት፣ መጋቢት።
ወንበር፦ መቶ ሰማንያ፤ ጉልበት የሚያስጨንቅ ጥበት።
መተላለፊያ፦ አንድ፤ ጋሪ ሲመጣ ሰው የሚታገድበት።
አየር ላይ የዋለችው፦ ስልሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰዓት።
ተነስታ ያረፈችው፦ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ፤
ያውም አጭር አጭር፣ ፓልማ፣ ፋሮ፣ ሮድስ፣ ማላጋ፣
ፀሐይ የላጠው ቱሪስት ስታመላልስ ክረምት ከበጋ።

ሰው ዕድሜውን በዓመት ይቆጥራል፤ የእሷ ሌላ ነው፤
ሆዷ በአየር ሲነፋ፣ ሲተነፍስ ነው ቆዳዋ የሚደክመው።

የግራ ሞተር፦ ሁለት ሺህ መነሳት ቀርቶታል።
የቀኙ፦ ስድስት ሺህ አራት መቶ፤ ገና ብዙ ይሄዳል።
የማረፊያ እግሮቿ፦ «ተፈትተው ይታደሱ» ይላል
መዝገቡ፣ ለሚቀጥለው ጥር፤
የሚፈጀውን ገንዘብ አልነግርህም፣ አገር ይሰማል ብር ሲቆጠር።

መሰላሉን ስወጣ ጉልበቴ ጮኸ፤ ኤንካርና ሰማች፣
«እሱስ መቼ ነው የታደሰ?» ብላ ሳቀች።
መካኒክ ናት፣ የዚሁ ደጋ ልጅ፤ ሦስት ክረምት ሙሉ
ጎማዋ እንዳይጎብጥ በየሳምንቱ ያስገፋች፣
ከጅራቷ ቀዳዳ የወፍ ጎጆ የለቀመች።
«ማን ይገዛታል?» አለችኝ።

ማን ይገዛታል?
ለጭነት እንዳትሆን፣ ሰፊ በር መቅደዱ ከእሷ ዋጋ ይበልጣል፤
አንዳንዱ አገር «ከሃያ ዓመት በላይ አይገባም» ብሎ ደጁን ዘግቷል፤
ዛራጎዛ ያለ አንድ ሰውዬ ሆዷን ብቻ ይፈልጋል፣
ምግብ ቤት ሊያደርገው፤ ክንፉን «ቦታ ይፈጃል» ይላል።

ፊንታን ስልኩን ነካካ፣ በአውራ ጣቱ ደመረ፦
«ከነነፍሷ ሦስት ሚሊዮን፤ ተፈታታ አምስት» ሲል ነገረኝ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ እንዳትሰማ ይመስል።

ቅርጫ ነው እንግዲህ፣ ስሙን አሳምረው ቢጠሩትም፤
ቆሞ ከሚሸጥ በሬ ሥጋው የሚያዋጣበት ቀን አይጠፋም።
ማርሴይ የቆመች ታናሽ እህቷ የቀኝ ሞተሯን ትጠብቃለች፤
ቪልኒየስ የአብራሪዎቹን ክፍል መሣሪያ ከወዲሁ መድባለች።

ከሰዓት በኋላ ሞተሮቿን አስነሳን፤
ሳይፈተሽ አይፈረድም።
መጀመሪያ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣
ከዚያ ጉሮሮዋን የጠረገች ያህል ድምፅዋ ጠራ።
መርፌው ሁሉ በቦታው ቆመ። ጥንብ አንሳዎቹ
ከአጥሩ ላይ ተነስተው በረሩ።
ኤንካርና የጆሮ መሸፈኛዋን አንዱን ጎን ገለጠች፤ አይፈቀድም፤
እኔም ያላየ መሰልኩ።

ቅጹ ላይ፣ «ሁኔታ» ከሚለው ፊት ጻፍኩ፦ «መብረር ትችላለች።»
«አስተያየት» ከሚለው ፊት፦ «ትፈታታ።»
ፈረምኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ብዕሬ አልተንቀጠቀጠች።

በማግስቱ ክሬን መጣ፤ እስከ ምሳ ሁለቱም ሞተር ወረደ።
የቀኙ ሸራ ለብሶ፣ መኪና ላይ ታስሮ፣ ወደ ሰሜን ነጎደ።
ነፋሱ ግን መዝገብ አያነብ፣ የገበያ ወሬ አልሰማ፤
በቀለለው ክንፏ ሥር እየገባ፣ እየወጣ ተሻማ።

ኤንካርና በሞተሮቹ ፈንታ ሁለት የሲሚንቶ ጉማጅ
አሰቀለች በሰንሰለት።
«ካልሆነ» አለችኝ፣ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች፣
«አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች ነፋስ ባገኘች ሰዓት።»

ቅጼን ገለጥኩ። ለዚህ የሚሆን መስመር የለበትም።